የፖላንድ ጋዝ የት ገባ?

እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ የኢነርጂ መረጃ አስተዳደር ፖላንድ ከሼል አለት (ጋዝ በውስጡ ተጣብቆ ከሚገኝ ጠጣር የጭቃ ድንጋይ) 5.3 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ጋዝ ማውጣት እንደምትችል ገመተ። አገሪቱ ያኔ በዓመት የምትጠቀመው 14 ቢሊዮን ገደማ ነበርና ከ300 ዓመት በላይ የሚበቃ ቀለብ ተገኘ ተባለ። የሩሲያ ጋዝ ጥገኛ መሆን ላንገሸገሻት ዋርሶ ከዚህ የበለጠ የምሥራች አልነበረም። በዓመቱ የፖላንድ ጂኦሎጂ ተቋም የቆዩ ጉድጓዶችን መረጃ መርምሮ፣ ይበልጥ የሚያስኬደው ግምት ከ346 እስከ 768 ቢሊዮን ነው አለ። ትልቁ ቁጥር እንኳ የመጀመሪያውን አንድ ስድስተኛ አይሞላም። ጋዙን ሊፈልጉ ከገቡት የአሜሪካ የነዳጅ ኩባንያዎች ኤክሶንሞቢል በ2012፣ ሼቭሮንና ኮኖኮፊሊፕስ በ2015 ጓዛቸውን ጠቅልለው ወጡ።

ማንም አልዋሸም። ጥፋቱ፣ በእኔ እይታ፣ አንድ ቁጥር ብቻውን ተነጥሎ ርዕሰ ዜና መሆኑ ነው። አለቱ ውስጥ ያለው ጋዝ አንድ ነገር ነው፤ በዛሬ ቴክኒክ ሊወጣ የሚችለው ሌላ፤ ወጪውን ሸፍኖ ትርፍ የሚያስገኘው ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ነው። ይህ የመጨረሻው ከገበያው ጋር ይወጣል ይወርዳል። አሜሪካ ውስጥ በ2008 አጋማሽ አንድ ሚሊዮን ቢቲዩ (ጋዝ የሚሸጥበት የሙቀት መለኪያ) ከ12 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው ጋዝ በ2012 የጸደይ ወራት ከ2 ዶላር በታች ወረደ። አለቱ ያው ነው፤ የሚያዋጣው ጋዝ ግን ተመናመነ።

ጉድጓዱም ራሱ አስቸጋሪ ነው። የሼል ጉድጓድ ምርት አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ለሃያና ሠላሳ ዓመት ምን ያህል ይንጠባጠባል የሚለው፣ ጉድጓዶቹ ገና ወጣት በነበሩበት ጊዜ፣ በወረቀት ላይ የሚሳል መስመር ነበር። ሁለት መሐንዲሶች ከአንድ መረጃ ተነስተው ሁለት መስመር ይስላሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ቢሊዮን ዶላር ነው።

ይህን የምለው «ጋዝ የለም» ለሚሉት ለማድላት አይደለም። እነሱም ተሳስተዋል። የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ድርጅት በ2002 በምሥራቅ አሜሪካ ለሚገኘው የማርሴለስ ሼል አለት የሰጠው ግምት 2 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ነበር፤ በ2011 ወደ 84 አሳደገው። በዚያው ዓመት የኢነርጂ መረጃ አስተዳደሩ 410 ብሎ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት 141 አደረገው። ሁለቱም የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ናቸው! ማርሴለስ ግን የአገሪቱ ትልቅ የጋዝ ምንጭ ሆኖ አረፈው።

ስለዚህ ሚኒስትር ብቅ ብሎ «ይህን ያህል ትሪሊዮን አለን» ሲል፣ ጋዜጠኛ ሊጠይቀው የሚገባው በስንት ዶላር ዋጋ እንደተሰላ፣ ዝቅተኛው ግምት ስንት እንደሆነና ስንት ጉድጓድ እንደተቆፈረ ነው። ማርሴለስ ላይ በሺዎች ተቆፍሯል። ፖላንድ ውስጥ ሰባ ገደማ ተቆፈረ፤ አንዱም ለገበያ የሚያዋጣ ጋዝ አልሰጠም።