የሶፋው ፎርዋርድ

ራግቢ ሊግ የሚያይ ሰው የምለውን ወዲያው ያውቀዋል። አንድ ፕሮፕ፣ ማለትም ከፎርዋርዶቹ (ፊት ሆነው ከሚላተሙት ግዙፍ ተጫዋቾች) አንዱ፣ ያንን ከመቶ ኪሎ በላይ የሆነ ሰውነቱን ይዞ ሦስት ሰው ላይ ይላተማል። ይወድቃል፣ ጭንቅላቱን ይዞ እዚያው ይቀራል። ሐኪም ይሮጣል። ያኔ ነው ከሶፋው ያ ድምፅ የሚመጣው፦ «ተነስ እንጂ! ምን ሆንኩ ነው የሚለው?» ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሲድኒ የሰማሁትማ ብሶበታል። «ድሮ ቢሆን መንጋጋው ተሰብሮም ይጫወት ነበር» አለ፤ አፉ ቺፕስ እንደሞላ።

እኔ እንዲህ ያለው ጀግና መመስገን አለበት ባይ ነኝ። ፎርዋርዱንማ ሁሉም ያመሰግነዋል። ደመወዝ አለው፣ ሜዳሊያ አለው። በሰው ሕመም ይህን ሁሉ ዓመት ጸንቶ የኖረውን ተመልካች ግን ማን አስታወሰው?

እውቀቱም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 የዋንጫ ጨዋታ የሳውዝ ሲድኒው አምበል ጆን ሳትለር ጨዋታው ገና እንደተጀመረ በቡጢ ተመትቶ መንጋጋው ተሰበረ። መጎዳቱ እንዳይታወቅበት የቡድን ጓደኛውን ደግፈህ አቁመኝ አለው። እስከ መጨረሻው ተጫወተ፣ ማንሊንም 23 ለ12 አሸነፉ። በ2014 ደግሞ የዚያው ክለብ ሳም በርጀስ በመጀመሪያዋ ግጭት ከካንተርበሪው ፕሮፕ ከጄምስ ግርሃም ጋር ተላተመና የጉንጩ አጥንት ተሰበረ። እሱም 80 ደቂቃውን ጨርሶ፣ 30 ለ6 አሸንፈው፣ የጨዋታው ኮከብ ተባለ። የሶፋው ጀግና እነዚህን ሁለት ታሪኮች እንደ ውሃ ጠጥቷቸዋል። መንጋጋው የማን እንደነበር ብቻ አንዳንዴ ይዘነጋል። «ተሰበርን፣ ተጫወትን፣ አሸነፍን» ነው የሚለው።

እስቲ የራሱን ጀግንነት ደግሞ ልንገራችሁ። ስም አልጠራም፤ እናንተም ጋ አንድ አይጠፋም። ሰሞኑን በእረፍት ሰዓት ቢራ ሊያወጣ ሄዶ የፍሪጁ በር ሌባ ጣቱን ያዘው። ያዘው ስላችሁ ነካ አደረገው ማለቴ ነው። ጩኸቱን ግን ሰፈሩ ሰማው። ባለቤቱ ሮጣ መጣች። ልጁ መጣ። የጎረቤት ውሻ ሳይቀር ጮኸ። ከፍሪዘር አተር በፌስታል ወጥቶ ተደረገለት። አተሩ በጣም ቀዘቀዘኝ አለ። በፎጣ ተጠቀለለለት። ፎጣው ሻከረኝ አለ። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ጣቱ ለብቻው ትራስ ተሰጥቶት ተኝቶ ነበር። ሰኞ ከሥራ ቀረ። ማክሰኞ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ራጅ አያስፈልግህም ቢለው ሌላ ሐኪም ፈለገ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን በፋሻ ተጠቅልሎ መጣ። ሰው ሁሉ «እግዜር ይማርህ» ሲለው ዓይኑን ጨፈን አድርጎ «ተመስገን ነው» ይላል። የቀኝ እጅ ጣት ስለሆነ እንጀራ መቁረስ አልቻለም። ባለቤቱ ታጎርሰዋለች። «ቀስ በይ፣ ጣቴን እንዳትነኪው!» ይላታል፤ የምታጎርሰው አፉን እንደሆነ ረስቶ። ጉርሻው አነሰ ብሎም ያኮርፋል። በግራ እጁ ግን ቢራውም ሪሞቱም አልተጓደለበትም። ልጠይቀው ብርቱካን ይዤ የሄድኩ ቀን ጨዋታ ከፍቶ አገኘሁት። አንዱ ፎርዋርድ ትከሻው ወልቆ ሲወጣ አየና፣ ጣቱን ትራሱ ላይ እንዳጋደመ፣ «አይ! ወንድ ጠፋ!» አለ።

የሚገርመው፣ ጨዋታው ራሱ የተወለደው ከሥራ በመቅረት ሰበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በሰሜን እንግሊዝ፣ ሀደርስፊልድ ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ክለቦች ተሰብስበው ከቀድሞው የራግቢ ማኅበር ተገነጠሉ። ተጫዋቾቻቸው የማዕድንና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ለጨዋታ ብለው ከሥራ ሲቀሩ የሚጎድልባቸው ደመወዝ ይካስላቸው ነው ጥያቄው። የሶፋው ጀግና ይህንን ቅርስ ሳያውቀው ጠብቆታል፤ ለጣቱ።

አሁን ሕጉ ጠበቅ ማለቱ ነው ያናደደው። በአውስትራሊያው ሊግ ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ለ15 ደቂቃ ወጥቶ ይመረመራል። አንጎሉ መናወጡ ከታወቀ ደግሞ፣ ከ2024 ወዲህ በመደበኛው 11 ቀን ያርፋል። «ጨዋታውን አሰለሉት!» ይላል ጀግናችን። ለምርመራ የወጣው ተጫዋች ነጥብ ያገባል ብሎ ሃያ ዶላር ያስያዘ ሌላ ወዳጄማ ሐኪሙን ሌባ ነው ያለው። መሀል ሜዳ የሚሠራ ፎርዋርድ በአንድ ጨዋታ አርባ ጊዜ ሰው መጣል ብርቁ አይደለም። ይጥላል፣ አብሮ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ 10 ሜትር ወደ ኋላ ሮጦ እንደገና ይላተማል። በክንፍ በኩል የሚሮጠው ተጫዋች አግብቶ ሲጨፍር እሱ ጉልበቱን ተደግፎ ትንፋሹን ይፈልጋል። ያን ሰዓት ካሜራው እሱን አያሳይም።

ቀልዱን ለአፍታ ላቁመው። ያ መንጋጋው የሚወራለት ሳትለር በ2023 ሲሞት የመርሳት ሕመም ይዞት ነበር። ስቲቭ ፎልክስ በ1980ዎቹ ከካንተርበሪ ጋር አራት ዋንጫ ያነሳ ፎርዋርድ ነው። በ2018 በ59 ዓመቱ በልብ ሕመም ድንገት ሞተ። አንጎሉ ሲመረመር በተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት የሚመጣው በሽታ ተገኘበት። ያ በሽታ ሰው ሞቶ ካልታየ በእርግጠኝነት አይታወቅም። ቦይድ ኮርድነር የአውስትራሊያ አምበል ነበር። በ2021፣ በ29 ዓመቱ፣ በዚሁ በጭንቅላት ጉዳት የተነሳ ጫማውን ሰቀለ። 29! ነገ አንዱ የልጁ ስም ሲጠፋበት «ተነስ እንጂ» ሲል የነበረ አንድም ሰው ደጁ አይደርስም። የሚያጎርሰው ሚስቱ ናት። አንተ ማን ነህ? በማን ራስ ነው የምትፎክረው? በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄው አይደል?

ወደ ምስጋናው እንመለስ። አንድ ሐሳብ አለኝ። ከሶፋ ላይ «ተነስ» የሚል ሰውም ይመርመርልን። ተጫዋቹ የሚጠየቀውን ይጠየቅ፦ የት ሜዳ ነው ያለነው? ስንተኛው አጋማሽ ነው? መጨረሻ ያገባው ማነው? ባለጣቱን ወዳጄን ሞከርኩት። ሜዳውን ስጠይቀው «ይኸው፣ ሳሎን» አለኝ። አጋማሹን ከስክሪኑ ላይ አንብቦ አለፈ። ማን አገባ ስለው ቢራውን በግራ እጁ አስቀመጠና በንቀት አየኝ።

«ያ ረጅሙ ነዋ! አላየኸውም እንዴ?»

0 ለ0 ነበሩ።