አብሽር፣ ይጎትታል!

ዛሬ ከኮምቦልቻ ደሴ በሚያስወጣው ዳገት፣ ሀረጎ ላይ፣ እስከ አናቱ የተጫነ አይሱዙ ቀደመኝ። መቅደሙንስ ችዬው ነበር። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እንግፋህ እንዴ?» አይለኝም! ላንድክሩዘር ይዤ እኮ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ግን ብቻዬን አልሸከመውም። መኪናዬ በ31 ኢንች ጎማዋ ከኮምቦልቻ ደሴ በደህና ትወጣ ነበር። ካልጠገቡ አይዘሉም፣ አንድ ጓደኛዬ 35 ያሰረበትን ፎቶ ላከልኝ። አማረኝ። ባሌስትራውን አስነሳሁ። ጎማ ሻጩን «ሌላ የሚቀየር ነገር የለም?» ብዬ ጠየቅኩት። «አብሽር፣ ይጎትታል!» አለና ብሩን ቆጠረ።

የሞተሩን ጉልበት ለጎማ ስለሚያከፋፍለው ስለ ዲፈረንሻል ማንም ትንፍሽ አላለም።

ሂሳቡ እኮ የልጅ ሂሳብ ነው። የኔ ዲፈረንሻል ውስጥ ትልቁ ጥርሳም ክብ 41፣ ትንሹ 10 ጥርስ አለው። ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ 4.1 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል ማለት ነው። ጎማው ሲተልቅ ደግሞ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ ሸክሙ ሞተሩ ላይ ይወድቃል። 4.1ን በ31 አባዝቼ ለ35 ሳካፍለው 3.63 መጣ። ዲፈረንሻሉን ማንም ሳይነካው 3.63 የገባልኝ ያህል ሆነ። ጎማ ላይ ይደርስ የነበረው ጉልበት ከመቶ 11 እጁ በነነ።

ይሄ ሜዳ አገር ቢሆን ምንም አልነበረ። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንደኔ ያለ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር እዚህ ሲደርስ አየሩ ስስ ስለሆነ ሩብ ያህል ጉልበቱን ቀድሞ ጥሏል። ትንፋሽ ባጠረው ሰው ላይ ኩንታል መጨመር ነው የሆነብኝ።

ቁልቁለቱ ይባስ። ድሮ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ስወርድ ሞተሩ ይይዝልኝ ነበር። አሁን ትንደረደራለች፣ ኮምቦልቻ የምደርሰው ፍሬን ሸራ እየሸተተኝ ነው። የፍጥነት ቆጣሪውም ዋሾ ሆኗል፤ 60 ሲለኝ 68 አካባቢ ነኝ።

ጋራዥ ዞርኩ። አንዱ «ፍሪሲዮን ነው» ብሎ ፍሪሲዮን አስቀየረኝ። ሌላው ኖዝል አጠበ። ሦስተኛው፣ ዕድሜ ይስጠው፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ «ወንድሜ፣ የዲፈረንሻል ጥርስ ሳትቀይር ነው ይሄን ያሰርከው?» አለኝ። ላቅፈው ስል «የኋላውን ብቻ እንቀይር፣ የፊቱ ይቆይ፣ ገንዘብ አትጨርስ» ብሎ ጨመረ።

ዕድሜ ይስጠው ያልኩትን መለስኩ። የፊቱና የኋላው ካልተስማሙ ፎር (አራቱንም ጎማ የሚያስነዳውን) ባስገባሁ ቀን የፊቱ ልሩጥ ይላል፣ የኋላው ቆይ ይላል። ጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራትቶ ያስታርቃቸው ይሆናል። ደረቅ መሬት ላይ ግን አንዱ ነገር ተሰብሮ ነው የሚለዩት።

ወደ ድሮው ጉልበቷ ለመመለስ 4.63 ያስፈልገኛል። እኔ ትንሽ አልፌ 4.88 ነው ያሰብኩት፤ 39 ጥርስ በ8። ወደ ከሚሴ ሜዳው ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ ናፍጣም ይጠጣል። ይጠጣ! ኑሮዬ ዳገት ላይ ነው። የሚያናድደኝ ወጪው ነው፤ የፊትና የኋላ ሁለት ሙሉ ጥርስ፣ ከዚያ የገጣሚው እጅ። በጥርሶቹ መሃል ያለው ክፍተት ትንሽ ከሳተ ዲፈረንሻሉ ዕድሜ ልኩን ያለቅሳል።

አዲስ አበባ አንድ ነጋዴ «4.88 አለኝ» አለ። ቀብድ ላኩ፣ የኋላው ትናንት በአውቶቡስ መጣ። ቅባቱን በጨርቅ ጠርጌ፣ በኖራ ምልክት አድርጌ ጥርሱን ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ልጄን ጠርቼ አስቆጠርኩ።

41 እና 10።

ደወልኩለት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«አብሽር፣ ይጎትታል!»