አዲሱ ሶፋና የዋንዛው ሳጥን፦ ከደሴ ሳሎኖች የታዘብኩት

በደሴና በኮምቦልቻ አዲስ በተሠሩ ቤቶች ሳሎን ስገባ የማየው ነገር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። የሚያንጸባርቅ ነጭ ሴራሚክ፣ ዙሪያውን ሰማያዊ መብራት የተዘረጋበት የጂፕሰም ኮርኒስ፣ ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ የያዘ ኤል ሼፕ ሶፋ፣ ከሶፋው ጋር አብሮ የተገዛ ቡፌና የቴሌቪዥን ማስቀመጫ። ዕቃው ንጹሕ ነው፤ ባለቤቶቹም ለፍተው ያፈሩት ስለሆነ ሊኮሩበት ይገባል። እኔን የሚያሳስበኝ እነዚህ ሲገቡ ከቤቱ የሚወጡት ናቸው፦ የዋንዛው ሳጥን፣ አጎዛው፣ የአለላው ሙዳይ፣ በርጩማው። «ከአዲሱ ጋር አይሄድም» ይባልና መጀመሪያ ወደ ዕቃ ቤት ይገባሉ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ለቆራሌው ይሸጣሉ ወይም ማገዶ ይሆናሉ።

ቤት አንድ ወጥ መልክ የሚይዘው ዕቃው ሁሉ ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ጊዜ ሲገዛ ነው የሚለው እምነት ሥር ሰዷል። በምኖርባት ስዊድን የማየው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ብዙ ስዊድናዊ ከአያቱ የወረሰውን የጠቆረ ጠረጴዛ ኢኬያ ከሚባለው የስዊድን የቤት ዕቃ ኩባንያ ከገዛው ርካሽ መደርደሪያ አጠገብ ያኖራል፤ ወንበሮቹንም ሎፒስ ከሚባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ በአንድ ይለቅማል፤ ቤቱ ግን ዝብርቅርቅ አይልም። ልብ ብሎ ለሚያይ ምክንያቱ ግልጽ ነው። እንጨቶቹ ቢለያዩም አንደኛው የበላይ ሆኖ ሌሎቹ ይከተሉታል፤ የመብራቱ እግር ነሐስ ከሆነ የመስተዋቱ ፍሬም ወይም የመሳቢያው እጀታ ያንኑ ነሐስ ይደግመዋል። የቤት ውስጥ ዲዛይን ባለሙያዎችም ከክፍሉ ቀለም 60 በመቶ ያህሉ ዋናው፣ 30 በመቶው ደጋፊው፣ 10 በመቶው ማድመቂያው ይሁን፣ የእንጨቱም ሆነ የብረቱ ዓይነት ከሁለት ወይም ከሦስት አይብለጥ፣ ወደ ክፍሉ የገባ ነገር ሁሉ ቢያንስ ሁለት ቦታ ይታይ ብለው ይመክራሉ።

ይህ ማለት ግን የስዊድንን ሳሎን እንዳለ እንቅዳ ማለት አይደለም። ስቶክሆልም በ59ኛው ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለምትገኝ በታኅሣሥ ወር ፀሐይዋ በእኩለ ቀን እንኳን ከአድማሱ ከፍ የምትለው 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ነጩ ግድግዳና የበርች ዛፍ ፈዛዛ እንጨት እዚያ የሚወደዱት ያችን ጥቂት ብርሃን ተቀብለው ወደ ክፍሉ ስለሚመልሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 የተመሠረተው ኢኬያ ይህን መልክ ለዓለም አዳረሰው፤ ዛሬ በየስልኩ የሚዞረው የነጭና የግራጫ ሳሎን ፎቶም ብዙው ከዚያ የብርሃን እጥረት የተወለደ ነው። ደሴ ደግሞ በ11ኛው ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የበጋው ፀሐይ በሚያንጸባርቅ ነጭ ወለል ላይ ሲያርፍ ዓይን ያጭበረብራል፤ ክረምት ሲገባ ያው ወለል እግር ያደነዝዛል። ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ስለሚቀንስ ቀዝቃዛ ወለል እዚያ ምቾት ይሆናል። እንዲህ በሚለያዩ ሁለት ከተሞች አንድ ዓይነት ሳሎን መሠራቱ የአየሩንና የብርሃኑን ጠባይ የረሳ ይመስለኛል።

የተለያየውን አንድ የማድረግ ጥበብ ለወሎ እንግዳ አይደለም። በላሊበላ ቤተ ማርያም ዓምዱ፣ ቅስቱና ጣሪያው ከአንድ አለት የተፈለፈሉ በመሆናቸው በላያቸው የተቀረጸው ጌጥና የተቀባው ሥዕል፣ የተሰቀለው መጋረጃና የተነጠፈው ምንጣፍ ምንም ያህል ቢለያዩ ዓይን አይታወክም። በገጠሩ የጭቃ ቤታችንም ምርጊቱ፣ መደቡና ጎታው ከአንድ አፈርና ጭድ የተሠሩ፣ በአንድ እበት የተለቀለቁ ናቸው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰፌድ ከነአለላው ቀይና ሐምራዊ ደምቆ የሚታየው ዙሪያው ስለረጋለት ነው። አፈሩ ስልሳው፣ እንጨቱ ሠላሳው፣ አለላው ዐሥሩ ነው ቢባል አያቶቻችን ማንም ሳያስተምራቸው ሲኖሩበት የቆዩት ሥርዓት መሆኑን እንረዳለን።

ደሴ ውስጥ ሆጤ አካባቢ ያለውን የአክስቴን ሳሎን በዝርዝር ላንሳ። ወለሉ ነጭ ሴራሚክ፣ ሶፋው ጥቁር ቆዳ መሰል፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫው የሚያብለጨልጭ ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ)፣ መጋረጃው ባለ ወርቅማ ክር ነው። የክፍሉ ችግር የዕቃው ዋጋ ወይም ዘመን ሳይሆን ሁሉም ነገር ማንጸባረቁ፣ ብርሃኑን ጠጥቶ ዓይንን የሚያሳርፍ አንድም ነገር አለመኖሩ ነበር። የዋንዛው ሳጥን ዕቃ ቤት ውስጥ ጤፍ ተጭኖበት ተቀምጧል። ወደ ሳሎን እናውጣው ስላት፣ «ልጄ፣ እሱማ ጢስ የጠጣ አሮጌ ነው፤ እንግዳ ፊት አይቀርብም» አለችኝ። በመጨረሻ ፈቀደችና አንድ የሰፈር አናጢ በብርጭቆ ወረቀት ቢፈትገው ከጥቀርሻው ሥር ወርቃማ ቡናማው እንጨት ወጣ። አናጢው የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ሊቀባው ነበር፤ ለምነነው የማያንጸባርቀውን ቀባልን። ሳጥኑ ከሶፋው ፊት ሲቀመጥ የመጋረጃው ወርቅማ ክር የሚመስለው አገኘ። ረከቦቱ ከነጀበናው በቋሚነት እዚያው ሳሎን እንዲቀመጥ ስናደርግ ደግሞ የጀበናው ደብዛዛ ጥቁር የሶፋውን የሚያብረቀርቅ ጥቁር ደገመው፤ ሶፋው ከሌላ ቤት የመጣ መምሰሉን አቆመ። ቀሪው የመብራት ጉዳይ ነበር። አምፖሉ 6,500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚል ነጭ ብርሃን ነበርና 2,700 ኬልቪን በሚል ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን ተተካ። ነጩ አምፖል ቡናማውን እንጨት አመድማ ያስመስለው ነበር፤ ሞቃቱ ብርሃን ግን የእንጨቱን ቀለም መለሰው። ቁጥሩ በአምፖሉ ካርቶን ላይ ስለሚጻፍ ከመግዛት በፊት ማየት ይቻላል፤ ከሁሉ ለውጥ ርካሹም ይኸው ነው።

ውጭ አገር ያለነው ደግሞ ሌላ ጥፋት እንሠራለን። በስቶክሆልም በሚኖሩ ወገኖቼ ቤት ሳሎኑ በሙሉ ግራጫና ነጭ ሆኖ አንድ ጥግ ብቻ «የአገር ቤት» ተብሎ ይለያል፤ መሶቡ፣ የላሊበላ ሥዕል፣ ስኒዎቹ እዚያች ጥግ ላይ ይከማቻሉ። ከክፍሉ ጋር የሚያገናኛቸው አንድም ክር ስለሌለ ለመታያ የተቀመጡ እንጂ የሚኖርባቸው ዕቃዎች አይመስሉም። የአለላው ቀይ በአንድ ትራስ ላይ ቢደገም፣ የስንደዶው ቢጫ በመብራት ቆብ ላይ ቢታይ ያች ጥግ ከቤቱ ጋር በተዋሐደች ነበር። ደሴ ላይ ዕቃ ቤት የገባውና ስቶክሆልም ላይ ጥግ የያዘው በአንድ ምክንያት ነው፤ በሁለቱም ቦታ የራሳችን ዕቃ ከዛሬው ኑሯችን ጋር መኖር አይችልም ብለን አስቀድመን ፈርደንበታል።

ከዓረብ አገር የተመለሱ የወሎ ልጆች ወደ ቤታቸው ያስገቡት መጅሊስ በአንጻሩ ተስፋ ይሰጠኛል። ብዙ ሰው ባዕድ አድርጎ ያየዋል፤ እኔ ግን ግድግዳን ተከትሎ ዙሪያውን የሚሄድ ዝቅተኛ መቀመጫ የድሮውን መደባችንን ቦታ የያዘ ሆኖ ይታየኛል። ስለ ውሕደት ሲነሳ የሚረሳው ቁመት ነው። የሶፋ መቀመጫ ከወለል 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል ቡና የምታፈላው እህታችን ከሁሉም እግር ሥር ትቀመጣለች፤ ጨዋታውም ከበላይዋ ያልፋል። በመጅሊስ ላይ ግን አፍዪዋም፣ ጠጪውም፣ ዱዓ አድራጊው አባትም ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ረከቦቱ፣ በርጩማውና መሶቡ ለዚሁ ቁመት የተሠሩ ናቸውና መጅሊሱ አጠገብ ሲቀመጡ ቦታቸውን ያገኛሉ። የሚቀረው የጨርቁ ምርጫ ነው፤ ከወርቅማው አንጸባራቂ ጨርቅ ይልቅ ደብዛዛ ጥጥ ወይም ሱፍ የአጎዛውንና የሸክላውን ጸባይ ይቀበላል።

በኮምቦልቻ ያነጋገርኩት አንድ እንጨት ሠሪ፣ «ጋሼ፣ ደንበኛው ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ ዋንዛ ስለው የገጠር ነው ይለኛል» ብሎኛል። ሰውየው ኤምዲኤፉን ሠርቶ ጠርዙንና እግሩን በዋንዛ ማልበስ ያውቅበታል፤ የቴሌቪዥን ማስቀመጫው፣ የጠረጴዛው እግርና የመስተዋቱ ፍሬም ጠርዛቸው ከአንድ እንጨት ቢሆን ብቻ በተለያየ ጊዜ የተገዙት ዕቃዎች ዝምድና ያገኛሉ። ለዚህ የሚበቃ እንጨት ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ግን ከባድ ነው። ዋንዛ ከዝግባ፣ ከጽድና ከኮሶ ጋር በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን ዐዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጥ ተከልክሎ የነበረ ዛፍ ነው፤ ለጠርዝ የሚሆነው ደረቅና የበሰለ ዋንዛም ዛሬ በአብዛኛው ያለው በየዕቃ ቤቱ በተጣሉት ሳጥኖች፣ በፈረሱ አልጋዎችና በአሮጌ በሮች ላይ ነው። አክስቴ ይህን ስነግራት የፈረሰውን የዋንዛ አልጋ ለቆራሌው ልትሸጠው የነበረውን ሐሳብ ትታ፣ አናጢው የቡፌውን ጠርዝ እንዲሠራበት አስረክባዋለች።