የሰሜን ኮከብ ለማይታየው

ስለ ከዋክብት ፎቶ አነሳስ የወጣ አንድ ጽሑፍ፣ ቴሌስኮፑ ከዋክብቱን እንዲከተል የማውንቱን (ቴሌስኮፑን ተሸክሞ የሚያዞረውን መቆሚያ) መዞሪያ ዘንግ ወደ ሰሜን ኮከብ አነጣጥሩ ይላል፤ ልክ ነው፣ እኛ ጋ ግን ይከብዳል። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ኮከቡ ከአድማስ በላይ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚወጣው። እንጦጦ ሥር ለሚኖር ሰው ተራራው ይጋርደዋል፣ ለሌላው የጎረቤት ፎቅ። ዘንጉ እንዲህ ዝቅ ሲል ደግሞ ቴሌስኮፑን የሚያመዛዝነው ክብደት ከትራይፖዱ (ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ) እግር ጋር ሊጋጭ ይችላል፤ ስለዚህ ማውንቱ ስንት ዲግሪ ድረስ እንደሚወርድ ሳታጣሩ እንዳትገዙ! መፍትሔው «ኒና» (N.I.N.A.) የሚባለው፣ ካሜራውንና ማውንቱን ከኮምፒውተር የሚያዝ ነፃ ሶፍትዌር ነው። በላዩ በሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም (ፕለጊን) ከሌላ የሰማይ ክፍል ሦስት ፎቶ አንስቶ ዘንጉ ምን ያህል እንደሳተ ያሳያል፤ እያያችሁ የማውንቱን ማስተካከያ ብሎን ማዞር ነው። ከዋክብትን ፎቶ ማንሳት ለሚጀምር ሰው ግን ካሜራ፣ ትራይፖድና 20 ሚሊሜትር ሌንስ በቂ ነው፤ የካሜራውን መዝጊያ እስከ 20 ሰከንድ ክፍት ብታደርጉት ከዋክብቱ ፎቶው ላይ ብዙም ተጎትተው መስመር አይሆኑም።