ሰኞ ሰኞ የሚታመመው የባቲ ኮምፒውተር

ባቲ ውስጥ ባለ አንድ የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር የሽያጭ ፕሮግራሙ ወደ ማምሻው ላይ ደረሰኝ መመዝገብ ያቆማል። ዘግተው ሲከፍቱት ይድናል። እንዳየው ተጠርቼ ከደሴ ስወርድ የበሽታው ስም ወጥቶለት ነበር። «ሙቀቱ ነው፤ ቆላ አልተስማማውም» አሉኝ ባለቤቱ ሀጂ። «ሰኞማ ወላሂ ምሳ ሰዓት እንኳ አይደርስም!»

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ሰኞ የሚጨምረው ሙቀት ሳይሆን ሰው ነው። ሰኞ ፕሮግራሙ እስኪቆም የተመዘገቡትን ደረሰኞች ቆጠርኩ፤ 509። የማክሰኞውም 509።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የማይክሮሶፍት የሲ ቋንቋ ላይብረሪ፣ ማለትም በሲ የተጻፉ ፕሮግራሞች የሚገለገሉበት የተዘጋጀ ኮድ ስብስብ፣ አንድ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ከፍቶ የሚይዛቸውን ፋይሎች፣ ካልተነገረው በቀር፣ በ512 ይገድባል። ሦስቱ ለግብዓት፣ ለውጤትና ለስህተት መልእክት አስቀድመው የተያዙ ናቸው። የሀጂ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ሽያጭ ፋይል ይከፍታል፤ አንዱንም አይዘጋም። 510ኛው ላይ ላይብረሪው ባዶ እጁን ይመልሰዋል፤ ፕሮግራሙም ለማንም ሳይናገር ያልፋል። የአቦል ሲኒ ከእንግዶች እጅ ካልተሰበሰበ ቶናው በምን ይቀዳል?

ፕሮግራሙን የጻፈው ወጣት በስልክ «ገደቡን ከፍ እናድርገው» አለኝ። በአንድ መስመር ትእዛዝ ወደ 2048፣ በአዲሶቹ ላይብረሪዎች እስከ 8192 ይደርሳል። እኔ አልስማማም።

ገደብ ሁሉ ጥበብ ነው ማለቴ አይደለም። ሶላሪስ የሚባለው የኮምፒውተር ስርዓት የቀድሞው ባለ 32 ቢት ዓይነት 256 ላይ የቆመው የፋይሉን ቁጥር 256 ቁጥሮችን ብቻ በሚለይ አንድ ባይት ውስጥ ስላስቀመጠ ነበር፤ ይህ ስስት ነው። ሊነክስ በተባለው ሌላ ስርዓት ላይ የኔትወርክ ግንኙነትም እንደ ክፍት ፋይል ስለሚቆጠር፣ ሺዎችን የሚያስተናግድ ሰርቨር የተለመደው የ1024 ገደብ ቢያንሰው አይፈረድበትም። በአንድ ጊዜ አንድ ደረሰኝ ለሚጽፍ መደብር ግን 512 ራሱ ቸርነት ነው። ስህተቱን ያሳበቀው ገደቡ ነው፤ አሳባቂውን ማባረር ምን ይሉታል?

ወጣቱ ያላሰበው ሌላም ነገር አለ። ወደ ፋይል የተጻፈ ነገር ወዲያው ዲስክ ላይ አይደርስም፤ ላይብረሪው መብራት ሲጠፋ በሚጠፋው የኮምፒውተሩ ሚሞሪ ላይ ያጠራቅመዋል። አጭር ደረሰኝ ያንን ቦታ ስለማይሞላ ፋይሉ እስኪዘጋ እዚያው ይቆያል። ሀጂ መብራት በድንገት የጠፋበትን የአንድ ሐሙስ ፎልደር ከፍተው አሳዩኝ። የደረሰኞቹ ስም በተራ ተደርድሯል፤ በየስሙ ትይዩ ያለው መጠን ግን ከላይ እስከ ታች 0 ነው።