ቀኝ እጄ ሥራ ላይ ነው

ጅማ ውስጥ ቀኝ እጅ እረፍት የለውም። ይጎርሳል፣ ያጎርሳል፣ ይጨብጣል፣ ሲኒ ይቀበላል፣ ትልቅ ሰው ሲያልፍ ይነሳል። በግራ እጅ ሰላም ማለት ጠብ መፈለግ ነው። ሞተር ሳይክል የሠራው ሰው ግን ይህን ሳያጣራ ነዳጅ መስጫውንም የፊት ፍሬኑንም ቀኝ እጀታ ላይ አደረጋቸው። ግራ እጅ ማርሽ ሲቀየር ፍሪሲዮኑን ጨበጥ፣ ለቀቅ ያደርጋል። የቀረውን መንገድ እንደ ተሳፋሪ ነው የሚሄደው።

ነዳጅ መስጫው ደግሞ ሞላ አለው። ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለስና ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ይወርዳል። ነገሩ በደንብ የታሰበበት ነው። ነጂው ቢወድቅ ሞተሩ ብቻውን ወደ አጋሮ እንዳይቀጥል ነው። ከአጂፕ እስከ መርካቶ በየአስር ሜትሩ የሚያውቀው ሰው ላለው ግን መከራ ነው። እጁን ባነሳ ቁጥር ሞተሩ ይንገጫገጫል።

ስለዚህ የጅማ ባለሞተር የራሱን ሰላምታ ፈጥሯል። ለእኩያ ክላክስ። ለአለቃ ሄልሜቱ እስኪወላልቅ ራስ መነቅነቅ። ለሰፈር እማማ ከወገብ ጎንበስ ብሎ መሪው ላይ መተኛት። እግሩን የሚያነሳም አይቻለሁ፤ ለማን እንደሚያነሳ ግን አልጠየቅኩም። ይሄ ሁሉ ተደርጎም ወሬው እናት ጋ ቀድሞ ይደርሳል። «ልጅሽ ሞተር ከገዛ ወዲህ እኮ ሰው ማወቅ ትቷል።» ሄልሜት ውስጥ ያለ ፈገግታ አይቆጠርም።

አንድ ማምለጫ ብቻ ነበር። «እማማ፣ ምን ላድርግ፣ ቀኝ እጄ እኮ ሥራ ላይ ነው!» ይህን የሚክድ አልነበረም። ታዲያ አንድ ጓደኛዬ ይህችን ማምለጫ በገዛ እጁ አፈረሳት።

የጓደኛዬ ሥራ አዲስ አበባና ጅማ ያመላልሰዋል። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡስ እያለ በሞተር ለምን እንደሚሄድ ጠይቄው «ነፃነት» አለኝ። ነፃነቱ ቤት ሲደርስ ያስታውቃል። የባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ንዝረት ቀኑን ሙሉ መዳፉ ውስጥ ሲገባ ይውላል። እጀታውን አንድ ቦታ ጠምዝዞ መያዝም የእጅ አንጓን ይገላል። ነርቭ ይጫናል፣ ጣት ይደነዝዛል። ወሊሶ ላይ ትንሿ ጣት ትተኛለች። ወልቂጤ ላይ ጎረቤቷ ትከተላታለች። ሶኮሩ ሲደርስ እጁ አብሮት መኖሩን የሚያረጋግጠው በዓይኑ አይቶ ነው። ጅማ ገብቶ ቡና ሲቀርብለት ሲኒውና ማስቀመጫው ይንጫጫሉ። አክስቱ ይደነግጣሉ። «ግቤ ላይ አድረህ ነበር እንዴ ልጄ? ወባ ነው ይሄ!» ነጭ ሽንኩርት ይመጣል።

ይህን የሰማ ውጭ አገር ያለ የአጎቱ ልጅ የእጀታ መቆለፊያ ላከለት። ትንሽ ዕቃ ናት። እጀታው ጫፍ ላይ ትገጠማለች። ስትጠብቅ እጀታውን ጨምቃ ስለምትይዘው ሞላው አይመልሰውም። ነዳጁ በሰጡት ልክ ይቆያል፤ ነጂው እጁን አንስቶ ጣቶቹን ያፍታታል። ከጎማ ቀለበት የሚሠራም አለ። መዳፍ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ፕላስቲክም አለ፤ ያኛው አይቆልፍም፣ አጥብቆ ከመጨበጥ ብቻ ነው የሚገላግለው። ደህና መቆለፊያ ማለት እጅ ሲጠመዝዘው እሺ ብሎ የሚመለስ ነው። እኛ ሰፈር አንድ ጎረምሳ ካላማዳሪያ ቆርጦ እጀታውን ጥፍር አድርጎ አስሯል። የእሱ በእጅ አይመለስም። በጸሎት ነው።

ጓደኛዬ «ክሩዝ ኮንትሮል አስገጠምኩ» ብሎ ሰፈሩን አዳረሰ። ውሸቱን ነው። ክሩዝ ኮንትሮል የሚጠብቀው ፍጥነትን ነው። ዳገት ላይ ነዳጅ ይጨምራል፣ ቁልቁለት ላይ ይቀንሳል፣ ፍሬን ሲነካ ወዲያው ይለቃል። ትልልቆቹና ውዶቹ ሞተሮች ላይ ነው የሚገኘው። የጓደኛዬ ዕቃ የምትጠብቀው እጀታው የቆመበትን ቦታ ብቻ ነው። ዳገት ቁልቁለት አታውቅም። ስለዚህ ወደ ግቤ ሲወርድ ሞተሩ እየባሰበት ይፈጥናል፣ ከግቤ ሲወጣ እያቃሰተ ሊቆም ይደርሳል። በዚያ ላይ እጅ ከእጀታው ሲነሳ ከፊት ፍሬኑም ተነሳ ማለት ነው። ሞተርን በዋናነት የሚያቆመው ደግሞ የፊቱ ፍሬን ነው። ይህን ሁሉ ስዘረዝርለት ዝም ብሎ ሰማኝና «አንተ ሞተር አለህ?» አለኝ። የለኝም።

የክሩዝ ኮንትሮል ነገር ከተነሳ፣ ታሪኩ ራሱ ከወሬ የተወለደ ነው። የፈጠረው ራልፍ ቲተር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። በልጅነቱ ዓይኑ ስለጠፋ መኪና የሚነዱለት ሌሎች ነበሩ። እንደሚባለው ጠበቃው ሲነዳ፣ ሲያወራ ይዘገያል፣ ሲያዳምጥ ይፈጥናል። መኪናዋ በጨዋታው ልክ ስትንገጫገጭ ቲተር ተማረረ። ጠበቃን ዝም ከማሰኘት መሣሪያ መፍጠር ቀለለው። ፓተንቱን እ.ኤ.አ. በ1950 አገኘ። በ1958 ክራይስለር የተባለው የመኪና ኩባንያ መኪናዎቹ ላይ ገጥሞ ለገበያ አቀረበው።

ይህ ሰው ጅማ መጥቶ ባጃጅ ቢሳፈር ኖሮ እላለሁ። የእኛ ባለባጃጅ ሲያወራ ይዘገያል፣ ሲያዳምጥ ይቆማል፣ ወሬው ሲጦፍ ደግሞ ዞሮ የኋለኛውን ተሳፋሪ ዓይን ዓይኑን እያየ ይነዳል። ቲተር ፍጥነቱን ትቶ የአንገት መቆለፊያ ይፈጥር ነበር።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስታ ነበሩ። ሰርቦን እንዳለፈ ቀኝ እጁን ወደ ሰማይ ሰቅሎ መንገደኛውን ሁሉ ሰላም እያለ ይገባል። ችግሩ የእኛ አገር ሰላምታ አያልቅም። «አካም ጅርቱ» ተብሎ ተጀምሮ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ቡና ዋጋ ካልተጠያየቁ ሰላም እንደተባባሉ አይቆጠርም። በሞተር ላይ ሲሆን ጥያቄው ለአንዱ ቀርቦ መልሱ ከሌላው ይመጣል። አንዴ አንድ ሽማግሌን «ልጆች ደህና ናቸው?» ብሎ ጠይቆ፣ ወዲህ አስፋልቱ ዳር በቆሎ የሚያሰጡ ሴትዮ «ዘንድሮማ ነቀዝ ፈጃቸው!» ብለው መልሰውለታል።

ከዚያ ሕዝቡ ነቃ። ድሮ ሳይቆም ያለፈ ባለሞተር እጁ ሥራ ላይ ነበር። አሁን ሳይቆም የሚያልፈው ንቆ ነው። «ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ ነው ያለፈኝ» ያሉ አሉ። ሐሰት ነው፤ ግን ምስክር ተቆጥሮበታል። ቀጥሎ ነፃው እጅ ላይ ሥራ መጫን ተጀመረ። «እግረ መንገድህን ይቺን ዶሮ አሰንዳቦ አድርስልኝ፣ እጅህ እንደሁ ባዶ ነው።» «ይቺን ፔርሙስ ቀጥ አድርገህ ያዛት፣ ወንድሜ፣ ሾርባ ናት።» አንዱ ጎረቤት የጫት እሽጉን አስይዞት፣ ራሱ ከኋላ ተቀምጦ በትከሻው ላይ እየተንጠራራ ቅጠል ይቀነጥስ ነበር።

ስልኩም አላረፈ። ድሮ ኪሱ ውስጥ ጮኾ ጮኾ የሚተወው ስልክ አሁን ካልተነሳ ክርክር አለው። ሚስቱ «ሄሎ» እንኳ አትልም፤ «እጅህ ነፃ ነው አይደል?» ብላ ነው የምትጀምረው። አለቃው ይብሳል፤ ሪፖርት በቃል ይቀበላል። እዚህ ላይ እኔም አልሳቅኩም። በሬው፣ ባጃጁ፣ ከትምህርት ቤት የሚለቀቀው ልጅ፣ አንተ እጀታ ስለቆለፍክ ብለው መንገድ አይለቁም። ይህን ስነግረውም ሞተር እንዳለኝ ጠየቀኝ።

ነገሩ የለየለት እድር ላይ ነው። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ዕድሜ ተጫናቸው፣ ጉልበት ከዳቸው። ስብሰባ ላይ ተተኪ ሲፈለግ ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና «ሞተር ያለው፣ ቀኝ እጁ ሥራ የፈታ ልጅ አለን አይደል?» አሉ። ጭብጨባ ሆነ። ጓደኛዬ ብድግ ብሎ «ጋሼ፣ መቆለፊያዋን እኮ ፈትቻታለሁ» አለ። «መልሰህ ግጠማት፣ ልጄ» አሉት። በቃለ ጉባኤ ሰፈረ።

አሁን ሰው በሞተ ቁጥር ሌሊት ለንጋት ሲቃረብ ሞተሩን ያስነሳል፣ እጀታውን ይቆልፋል፣ ጡሩምባውን በቀኝ እጁ ይዞ ይወጣል። ዕቃዋ ግን ያው ዕቃ ናት፤ ዳገት ቁልቁለት አታውቅም። ወደ ጅሬን ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ስለሚንፏቀቅ የሟች ስም ከነአባት ከነአያት፣ የቀብሩ ሰዓት ጭምር ጥርት ብሎ ይሰማል። ሲመለስ ቁልቁለቱ ይወስደዋል። እኛ ታች ሰፈር ያለነው የምንሰማው «አረፉ» የምትለዋን ብቻ ነው። ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ዳገቱን ወጥተን፣ ማን እንዳረፈ ላይኛው ሰፈር እንጠይቃለን። እድሩ ችግሩን ተቀብሏል። ለታች ሰፈር ብቻ የሚሆን፣ ያረጀና የማይፈጥን ሞተር ለመግዛት መዋጮ እየተሰበሰበ ነው።