ለኪስ የሚሆን የእጅ ባትሪ፦ ቻርጅ የሚደረግ ወይስ ድንጋይ የሚገባለት?

ሁለት ጸሐፊዎች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ሁለቱም ያለ ባትሪ ከቤት አይወጡም። የማይስማሙት ኪሳቸው ውስጥ በያዙት ባትሪ ነው። እሱ በቻርጅ የሚሠራ፣ ብርሃኑ ኃይለኛ የሆነ ይዟል። እሷ አንድ ኤኤ ድንጋይ ብቻ የሚገባለት ትይዛለች። በየተራ ጽፈዋል።

እሱ፦ የኔ ባትሪ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። ሳበራው ግን የጨለመ ግቢ ከዳር እስከ ዳር ይታየኛል። ይህን ያስቻለው ሊቲየም አዮን የሚባለው ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ ነው። ተራው ኤኤ ድንጋይ የሚሰጠው 1.5 ቮልት ነው። በቁመትም በውፍረትም እሱን የሚያክል፣ 14500 የሚባል ሊቲየም አዮን አለ፤ እሱ 3.7 ቮልት ይሰጣል። መጠኑ ሳይጨምር በጣም የደመቀ ብርሃን ይገኛል ማለት ነው። ማታ በስልኬ ገመድ እሰካዋለሁ፣ ጠዋት ሞልቶ ይጠብቀኛል። ድንጋይ ፍለጋ መዞር ቀረ። እህቴ፣ ደብዛዛ ብርሃን ይዞ መንቀሳቀስ ምን ይጠቅማል?

እሷ፦ ወንድሜ፣ አንተን ያሳመነህ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ነው። እስቲ ቁጥሩ እንዴት እንደሚለካ እንይ። ብዙ አምራቾች የሚከተሉት ኤፍኤል 1 የሚባል መለኪያ አለ። በእሱ መሠረት ሉመኑ፣ ማለትም ከባትሪው የሚወጣው ጠቅላላ የብርሃን መጠን፣ የሚለካው ባትሪው ከበራ ከ30 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። ቆይታው ደግሞ ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ይቆጠራል። ስለዚህ «1000 ሉመን፣ 2 ሰዓት» ሲልህ ሁለት ሰዓት ሙሉ 1000 አታገኝም። 100 ሉመን ገደማ እስኪቀረው ድረስ ያለው ሁሉ ተደምሮ ነው። ትንሽ አካል ደግሞ ሙቀቱን የሚያወጣበት ቦታ የለውም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንዳይግል ብሎ ራሱን ዝቅ ያደርጋል።

ዓይናችንም እንደ መለኪያ መሣሪያ አይቆጥርም። አንድ ብርሃን እጥፍ ደምቆ እንዲታይህ አራት እጥፍ ገደማ ሉመን ይፈልጋል። የኔ 250 ቢሆንና ያንተ 1000፣ ያንተ የሚታየው እጥፍ ያህል ደምቆ ነው። ለመሆኑ በየቀኑ ባትሪ የምናወጣው ለምንድን ነው? ከአልጋ ሥር የገባ ነገር ለመፈለግ፣ ቆጣሪ ለማንበብ፣ ቁልፍ ማስገቢያውን ለማግኘት። ለዚህ 20 ሉመን ይበቃል። እንዲያውም እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ከ1 ሉመን በታች የሆነውን ዝቅተኛ ደረጃ ነው። ዓይን ጨለማን በደንብ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስድበታል። ሌሊት ተነስተህ በ1000 ብታበራ ያን ሁሉ በአንድ አፍታ ታጠፋዋለህ፣ አጠገብህ የተኛውንም ትቀሰቅሳለህ።

እሱ፦ የዓይኑን ነገር ተቀብያለሁ። ርቀቱን ግን ዘለልሽው። ሩቅ የሚያሳየው ካንዴላ ነው፣ ማለትም ብርሃኑ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሰበሰብበት ጉልበት። በዚያው አንቺ ባነሳሽው መለኪያ 2500 ካንዴላ 100 ሜትር፣ 10,000 ካንዴላ ደግሞ 200 ሜትር ይደርሳል። እዚያ የሚደርሰውም የሙሉ ጨረቃ ያህል ብርሃን ብቻ ነው። ስለዚህ ጥርት አድርጎ ለማየት ትርፍ ጉልበት ያስፈልጋል።

ስለ ድንጋይሽ ደግሞ በራሴ የደረሰውን ልንገርሽ። አንድ የምወደው ባትሪ ነበረኝ። አልካላይን የሚባለው ተራ ድንጋይ እንደገባበት መሳቢያ ውስጥ ረሳሁት። ከዓመት በላይ ቆይቶ ስከፍተው ውስጡ ነጭ ነገር ጋግሯል፣ ሞላው ተበልቷል፣ ድንጋዩ ተጣብቆ አልወጣ አለ። ከአልካላይን የሚፈሰው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ብረት ይበላል። ባትሪው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እሷ፦ ያሳዝናል፣ በኔም ደርሷል። ግን ጥፋቱ የአልካላይን እንጂ የኤኤ አይደለም። እኔ ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው የማስገባው። አንዱ ቻርጅ የማይደረገው ሊቲየም ኤኤ ነው። ቀላል ነው፣ ብርድ ይችላል፣ ለዓመታት ይቀመጣል። ሌላው ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው፤ 1.2 ቮልት ቢሆንም ለአብዛኛው ባለ ኤኤ ባትሪ ይሆናል። አየህ፣ እኔም ቻርጅ አደርጋለሁ። ጥያቄዬ ድንጋዩ ይወጣል ወይስ አይወጣም ነው። ያንተ ተደፍኖ የተሠራ ነው። ሊቲየም አዮን ደግሞ ጥቂት መቶ ጊዜ ከተሞላ በኋላ የሚይዘው እየቀነሰ ይሄዳል። ያኔ አምፖሉ ደህና፣ አካሉ ደህና፣ ግን ሙሉውን ትጥለዋለህ። መንገድ ላይ ቢያልቅብህም መሰኪያ እስክታገኝ ጨለማ ነው። እኔ ክዳኑን ፈትቼ በ10 ሰከንድ እቀይራለሁ።

እሱ፦ በዚህ ረታሽኝ። ቀጣዩ የኔ ባትሪ ድንጋዩ የሚወጣ ይሆናል። ሊቲየም አዮን መሆኑን ግን አልለቅም። ለሚያነቡን ሁለት ነገር ልጨምር። 14500 ኤኤ ስለሚመስል ብቻ የትም አይገባም፤ ለ3.7 ቮልት ያልተሠራ ባትሪ ውስጥ ከገባ ሊያቃጥለው ይችላል። ትርፍ ሊቲየም አዮን ደግሞ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ አይጣልም። ሁለቱ ጫፎች በብረት ከተገናኙ እሳት ሊነሳ ይችላል። መያዣ አለው፣ በመያዣው ይያዝ።

እሷ፦ እሱን በደንብ ተናገርክ። ኪስ ውስጥ ሳይታወቅ እንዳይበራም ብዙዎቹ ላይ የኋላውን ክዳን ሩብ ዙር ማላላት ይበቃል፤ ለኔም ላንተም የሚሠራ ነው።

እሱ፦ አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ማታ ከ100 ሜትር ወዲያ የሆነ ነገር ቢንቀሳቀስ በምን ታይዋለሽ?

እሷ፦ በኪሴ ባትሪ አላየውም። ሜዳ የምወጣ ከሆነ ትልቅ ባትሪ ቦርሳዬ ውስጥ እጨምራለሁ። የኪሱ ግን ሱሪ ብቀይርም፣ ቸኩዬ ብወጣም የማይረሳ፣ መያዙም የማይታወቀኝ መሆን አለበት።